«ሊሠራ የሚችል ጂፒዩ አልተገኘም»፦ የአንድ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ለሳይንስ ስሌት እስኪበቃ

ጉዳዩ የአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ባለቤቱ የእህቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ፊዚክስ ይማራል። ማሽኑ ለጌም ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጠንከር ያለ ነው። ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ7 ነው። በዚያ ላይ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አለው። ልጁ ግን ጌም ላይ የለበትም። የፈለገው ካርዱን ማታ ማታ ለሳይንስ ስሌት ማዋል ነው።

ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ጫነ። የሳይንስ ስሌት ከፕሮጀክቶች እየተቀበለ የሚሠራውን ቦይንክ የሚባለውን ፕሮግራም አወረደ። አይንስታይን አት ሆም የተባለ ፕሮጀክት ላይ ተመዘገበ። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ሥራ አገኘ። ካርዱ ግን ዝም አለ። ቦይንክ የሚሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ «ሊሠራ የሚችል ጂፒዩ አልተገኘም» የሚል መልእክት ወጣ። ጂፒዩ ማለት የግራፊክስ ካርዱ አስሊ ክፍል ነው።

«ጋሼ፣ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ።

አልተቃጠለም ነበር። ታሪኩን በዝርዝር የምጽፈውም ይህ መልእክት ብዙ ሰው ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ነው። ያቺ አንድ መስመር ከኋላዋ ብዙ የተለያዩ ችግሮችን ትደብቃለች። ሰው አንዱን ችግር ቢፈታም ሁለተኛው ስላለ መልእክቱ አይለወጥም። ስለዚህ ያደረገው ነገር የጠቀመ አይመስለውም። ያፈርሰዋል፣ ሌላ ይሞክራል፣ በመጨረሻም ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። የሚያዋጣው ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ድራይቨሩ (ካርዱን ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም)፣ ከዚያ የስሌት ላይብረሪው፣ ከዚያ ቦይንክ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ ሙቀቱ። የታችኛው መሥራቱ ሳይረጋገጥ የላይኛው አይነካም።

ስለ ሥራው ጥቂት

የበጎ ፈቃድ ስሌት ደቦ ነው። አንድ የምርምር ቡድን በራሱ ኮምፒውተሮች የማይጨርሰውን ስሌት ይቆራርጠውና በዓለም ዙሪያ ላሉ ፈቃደኞች ይበትነዋል። እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን አስልቶ ይመልሳል። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ግንቦት 1999 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው ሴቲ አት ሆም ነው። እሱ ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ይፈልግ ነበር፤ መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ላይ አዲስ ሥራ ማደል አቆመ። ቦይንክ የተወለደው ከዚያው ቤት፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። ዛሬ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት የጋራ መድረክ ሆኗል።

አይንስታይን አት ሆም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከሚያድናቸው ነገሮች መካከል ፑልሳሮች ይገኙበታል። እነዚህ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶች ናቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የተደረገ አንድ ፑልሳር የተገኘው በአሜሪካ አዮዋና በጀርመን በሚኖሩ ተራ ሰዎች ኮምፒውተር ነበር። በሴኮንድ ወደ 41 ጊዜ ይሽከረከራል። ለግራፊክስ ካርዶች ከሚላኩት ሥራዎች አንዱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ካሩ በረሃ ላይ ከተተከለው ሚርካት ቴሌስኮፕ የመጣ መረጃ ነው። ሚርካት 64 ሳህኖች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 13.5 ሜትር ነው። ልጁን የማረከው ይሄ ነው። በአህጉራችን ቴሌስኮፕ የተሰበሰበ ምልክት እሱ ክፍል ውስጥ ሊመረመር ነው። እኔም ይህን ስሰማ ነገሩን እስከ መጨረሻው ልከታተለው ወሰንኩ።

ግራፊክስ ካርድ ለምን ተፈለገ? ፕሮሰሰሩ አራት ኮር፣ ማለትም አራት አስሊ ክፍል ነው ያለው። 1050 ቲአይ ግን 768 ትንንሽ ኮሮች አሉት። አንድ ዓይነት ስሌት በብዙ ቁጥሮች ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት ሲያስፈልግ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የፑልሳር ፍለጋ ደግሞ በአብዛኛው እንደዚያ ነው።

ዕቃውና ድራይቨሩ

መጀመሪያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ዝርዝር እንዲያወጣ ነገርኩት። ኤልኤስፒሲአይ የተባለችው ትእዛዝ ሁለት ግራፊክስ አሳየች። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ነው፤ ሌላው ኤንቪዲያ። ካርዱ በዝርዝሩ ላይ ከታየ ማሽኑ አውቆታል ማለት ነው። ተቃጥሏል የሚለው ጥርጣሬ እዚህ ላይ በጣም ቀለለ።

ሁለት ግራፊክስ መኖሩ የላፕቶፕ ጠባይ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ኢንቴሉ ነው። ኤንቪዲያው የሚነሳው ከባድ ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የማይገጥሙ ችግሮች ላፕቶፕ ላይ የሚገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ ሥራ ግን ጥቅምም አለው። ካርዱ ስክሪኑን ስለማይሸከም ስሌቱ እየሄደ ማውዙ አይንቀራፈፍም።

ቀጥሎ ካርዱን የሚነዳው ማን እንደሆነ አየን። ኑቮ የተባለው ነፃ ድራይቨር ነበር። ኑቮ ኡቡንቱ ሲጫን አብሮ የሚመጣ ነው። ስክሪን ለማሳየት ይበቃል። ኩዳ የሚባለውን የኤንቪዲያ የስሌት መንገድ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ቦይንክ ምንም አላገኘም ማለቱ ትክክል ነበር። በኡቡንቱ የድራይቨር መስኮት በኩል የኤንቪዲያን 535 ድራይቨር ጫነ። መጫኛው መሀል ላይ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ ጠየቀው፤ አወጣ። ከዚያ ሪስታርት አደረገ።

ውጤቱ ያው ሆነ። ይባስ ብሎ የካርዱን ሁኔታ የምታሳየው ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የተባለች መሣሪያ ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም አለች። ብዙ ሰው ድራይቨሩን አጥፍቶ ሌላ ቁጥር መሞከር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አያስፈልግም። ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ አለ፤ ከርነሉ፣ ማለትም የኡቡንቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው አላስገባም ያለው።

ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ በርቶ ነበር። ይህ ጥበቃ ሲበራ ከርነሉ የታመነ ፊርማ የሌለውን ሞጁል (እንደ ድራይቨር ያለ ከርነሉ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ፕሮግራም) አይቀበልም። የኤንቪዲያ ሞጁል እዚያው ማሽኑ ላይ ሲገነባ በአዲስ ቁልፍ ይፈረማል። ያን ቁልፍ የማሽኑ ባለቤት በአካል ቁጭ ብሎ ማጽደቅ አለበት። የይለፍ ቃሉ የተጠየቀውም ለዚሁ ነው። ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቅና ማንም ካልነካው ወደ ኡቡንቱ ያልፋል። ልጁ ማሽኑ እስኪነሳ ሻይ ሊቀዳ ሄዶ ስለነበር ስክሪኑን አላየውም።

ሞጁሉን በእጅ ለመጫን ስንሞክር ከርነሉ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም ብሎ መለሰ። ይህ መልእክት ከመጣ ጥርጣሬ የለም። ሞክዩቲል በተባለችው ትእዛዝ ቁልፉን እንደገና አስመዘገብነው። ሪስታርት። አሁን ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ቁልፍ ማስመዝገቢያውን መርጦ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ ወዲያው የካርዱን ስም፣ ሙቀቱንና 4 ጊጋባይት ሜሞሪውን ዘረዘረች።

ሴኪዩር ቡትን ዝም ብሎ ማጥፋት ይቻል ነበር። ብዙዎች የሚመክሩትም እሱን ነው። እኔ አልመክርም። የተማሪ ላፕቶፕ በየቦታው ይሄዳል፣ የማንም ፍላሽ ይሰካበታል። ማሽኑ ሲነሳ የሚጠብቀውን በር ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ብሎ ከፍቶ መተው ተገቢ አይመስለኝም።

እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ነገር አብራችሁ እዩ። ኡቡንቱ ላይ ፕራይም የሚባል ማስተካከያ አለ። «ኢንቴል» ወይም ኃይል ቆጣቢ ላይ ከሆነ ኤንቪዲያው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። «በተፈለገ ጊዜ» የሚለው ምርጫ ነው የሚስማማው። የእኛው ቀድሞ እዚያ ላይ ነበር።

ቦይንክ ካርዱን የሚያየው አንዴ ብቻ ነው

ድራይቨሩ ሠራ። ቦይንክ ግን አሁንም ጂፒዩ አልተገኘም ይላል። ልጁ እዚህ ጋ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ እውነቱን ነው።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ኡቡንቱ ላይ ቦይንክ ሰርቪስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ሲነሳ፣ ገና ማንም ሳይገባ ይጀምራል። ጂፒዩ የሚፈልገው ደግሞ ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የኤንቪዲያ ሞጁል ተዘጋጅቶ ካልጨረሰ፣ የለም ብሎ ይመዘግባል። ካርዱ ከአምስት ሴኮንድ በኋላ ቢዘጋጅ እንኳ ተመልሶ አያይም። ቀኑን ሙሉ የለም እንዳለ ይውላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማሽኑ ተነስቶ ከተረጋጋ በኋላ የቦይንክን ሰርቪስ ብቻ ሪስታርት አድርጉ። አደረገው። ሎጉ ላይ የካርዱ ስም ከኩዳ ጋር ብቅ አለ። ያን ጊዜ በስልክ የሰማሁት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ለዘለቄታው የሰርቪሱን ፋይል ሳንነካ በጎን ተጨማሪ ማስተካከያ ጻፍንለት፤ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ደቂቃ እንዲጠብቅ። ዋናው ፋይል ላይ ቢጻፍ ቦይንክ ሲሻሻል ይጠፋ ነበር።

ግን ሎጉ ላይ ኩዳ አለ እንጂ ኦፕን ሲኤል የሚል መስመር አልነበረም። ኦፕን ሲኤል ሌላው የስሌት መንገድ ነው፤ የኤንቪዲያ ብቻ አይደለም፣ ኢንቴልና ኤኤምዲም ይጠቀሙበታል። ብዙ ፕሮጀክቶች ሥራቸውን የሚያዘጋጁት በእሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ለቦይንክ የተዘጋጀ የኦፕን ሲኤል ፓኬጅ አለ። ተጫነ፣ ሰርቪሱ ሪስታርት ተደረገ፣ ሁለተኛው መስመርም መጣ።

ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ቦይንክ ሲጫን በሰርቪስ መልክ እንዲሠራ ከተመረጠ ካርዱን አያገኘውም። ዊንዶውስ ሰርቪሶችን ከተጠቃሚው ስክሪንና ግራፊክስ ለይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ያ ምርጫ ሳይነካ እንደገና መጫን ነው።

ሥራ መጣ፣ ግን ቆሟል

አሁን ሥራው ወረደ። ከጎኑ ግን «ቆሟል፣ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ነው» ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ቦይንክ ሲጫን ሰው ኮምፒውተሩን እየተጠቀመ ከሆነ የጂፒዩ ሥራ እንዲቆም ተደርጎ ነው የሚመጣው። ለጥቂት ደቂቃ ኪቦርድና ማውዝ ካልተነካ ይጀምራል። በባትሪ ላይ ሲሆንም እንዲሁ ይቆማል። የመጀመሪያውን አነሳነው፤ ኢንቴሉ ስክሪኑን ስለያዘ ልጁ እየጻፈም ምንም አይታወቀውም። የባትሪውን ግን አልነካነውም። ማንም እንዳይነካው እላለሁ።

ምክንያቱም እዚህ አገር ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጥበት ቦታ ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ እዚያው ድርግም ይላል። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ቦይንክም ቻርጀሩ እንደሌለ አይቶ ሥራውን በሥርዓት ያቆማል። መብራት ሲመለስ በየጊዜው ካስቀመጠው ቼክፖይንት፣ ማለትም ስሌቱ የደረሰበትን ከመዘገበበት ነጥብ ይቀጥላል። የሚባክነው ስሌት ትንሽ ነው። የመመለሻው ቀን ገደብም ሰፊ ስለሆነ የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት አያሳስብም።

ሌላ የላፕቶፕ ጣጣ አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ ይተኛል። ሊኑክስ ላይ ከእንቅልፍ ሲነሳ ኩዳ አንዳንዴ አብሮ አይነሳም፤ ሥራዎቹ በስሕተት ይወድቃሉ። ዩቪኤም የተባለውን የኤንቪዲያ ሞጁል አውጥቶ መልሶ ማስገባት ይፈታዋል። እኛ ግን ቀለል ያለውን መረጥን። ማታ ቻርጀር ላይ ሲሆን ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አደረግነው፤ ስሌት እየሄደ ግን ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያድራል። አየር የሚወጣው በከፊል በኪቦርዱ በኩል ነውና።

ሙቀት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደው ይሄ ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ካርዱን ለሁለት ሰዓት ነው የሚያስጨንቀው። የሳይንስ ስሌት ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ እረፍት የለውም። የመጀመሪያው ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ካርዱ ከ80 ዲግሪ አለፈ። ማራገቢያው ጮኸ። ከዚያ የካርዱ ፍጥነት ራሱ መውረድ ጀመረ። ካርዱ ራሱን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያ ጫፍ ላይ ማኖር ዕቃን መጨረስ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው የካርዱን የኃይል ፍጆታ በሶፍትዌር መገደብ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ በአንዲት ትእዛዝ ይሆናል። ይህ ላፕቶፕ ግን ገደቡን መለወጥ አይደገፍም ብሎ መለሰ። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ሠራ? ትልቁን ለውጥ ያመጣው ካርዱን ትቶ ፕሮሰሰሩን ማሳረፍ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በጋራ በሚያገለግሉ የመዳብ ቱቦዎች ነው። አንዱ ሲግል ሌላውም ይግላል። ቦይንክ ደግሞ ከጂፒዩ ሥራ ጎን ለጎን በስምንቱም የፕሮሰሰር መስመሮች (እያንዳንዱ ኮር ሁለት መስመር አለው) ሌላ ስሌት እየሠራ ነበር። ወደ ሩብ ዝቅ አደረግነው፤ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ። የጂፒዩ ሥራ ራሱ መረጃ የሚያቀብለው የፕሮሰሰር ድርሻ ስለሚፈልግ ወደ ዜሮ አይወርድም። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ቱርቦ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ዘጋን። ሙቀቱ ወዲያው ከ80 በታች ወረደ። የካርዱም ፍጥነት ጸና። ጠቅላላ ሥራው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ካርዱ በአንድ ሰዓት የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ከሚሠራው እጅግ ይበልጣልና።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር። አንድ የሚታመን ጠጋኝ ከፍቶ አጸዳው፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስትም ቀየረለት። ላፕቶፑን ከኋላ በኩል በመጻሕፍት ከፍ ማድረግም ረዳ፤ አየር የሚስበው ከሥር ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሆንም።

አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ቢያንስ በአምስተኛ ይሳሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሌሊቱ ብርድ ግን ያካክሰዋል። ስለዚህ ስሌቱ ከምሽት እስከ ንጋት እንዲሆን ሰዓት አስቀመጥንለት። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላለ ሰው ይህ ምክር በእጥፍ ይሠራል።

አንድ ካርድ ላይ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ማስኬድ እንደሚቻልም ልጁ አንብቦ ነበር። ይቻላል፤ ካርዱ ባዶ የሚቆይበትን ጊዜ ይቀንሳል። ላፕቶፕ ላይ ግን ሙቀት ነው የሚያመጣው። አልፈቀድኩለትም።

ውጤቱ

እህቴ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ይሄ ቢትኮይን የሚሉት ነገር ነው? መብራቱንስ ማን ነው የሚከፍለው?» አለች። ልክ ነች፤ በእሷ ቤት ነው የሚሠራው። ቢትኮይን አይደለም። ገንዘብ አያስገኝም። የሚሰጠው ነጥብ ለክብር ብቻ ነው። ላፕቶፑ 100 ዋት ቢወስድ በአሥር ሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልጁ ይህን በወረቀት አስልቶ አሳያት። ቆጣሪው ላይ ራሷ ተከታትላ ፈቀደች።

ተመላሽ ሥራዎቹ ተቀባይነት እያገኙ ነው። አይንስታይን አት ሆም አንዱን ሥራ ለሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ይልክና መልሶቻቸውን ያነጻጽራል። ካልተስማሙ ለሦስተኛ ይሰጣል። ስለዚህ የጋለ ወይም የታመመ ካርድ ስሕተት ቢልክ ይጣላል እንጂ ሳይንሱን አያበላሽም። ሥራዎቹ ሳይወድቁ መጽደቃቸው የካርዱን ጤንነት የሚመሰክር ነው። ልጁ በየጠዋቱ የሚያየው ሙቀቱን ሳይሆን ይህን ዝርዝር ነው።

የቀረ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኤንቪዲያ የ1050 ቲአይ ትውልድ የሆነውን ፓስካልን የሚደግፈው የመጨረሻው የድራይቨር ተከታታይ 580 እንደሆነ አሳውቋል። ከዚያ በላይ ያለው ይህን ካርድ አያውቀውም። ኡቡንቱ ወደፊት ራሱን ሲያሻሽል አዲስ ድራይቨር ቢያመጣ ያቺ መልእክት ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ የድራይቨሩ ፓኬጅ ወደ ሌላ ተከታታይ እንዳይዘል 535 ላይ ይዘነዋል። ሌላው ሁሉ እንደተለመደው ይሻሻላል። ከርነሉ ተሻሽሎ ሪስታርት ሲጠይቅም ልጁ ከማሽኑ አጠገብ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ኤንቪዲያ ኤስኤምአይን፣ ቀጥሎ የቦይንክን ሎግ ያያል።